መርፌ የነካው ቆዳ

ላሊበላ ለገና የሚሸጥ ቀሚስ እጠልፍ ነበር። ጠላፊ መርፌ ሳይወጋት አትውልም፤ ድሮ ጣቴን መጠጥ አድርጌ ሥራዬን እቀጥል ነበር። እያደር ግን መርፌ የነካኝ ቦታ በማግስቱ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል፣ ከዚያ ፈርጦ ቁስሉ ይሰፋል። እሾህ ቢጭረኝም ያው ነው። አፌም ውስጥ ይቆስላል፤ በርበሬ የነካው ወጥ ያስለቅሰኛል።

እናቴ በሰፈራችን ለብጣት የምትጠራ ሴት ናት። ያበጠ ነገር ካለ በምላጭ ጫር ጫር አድርጋ መጥፎውን ደም ታወጣለች፤ ብዙ ሰው ይመርቃታል። የእኔንም ቁስል ዳር ዳሩን በጣችው። ምላጩ ባረፈበት ሁሉ አዲስ ቁስል ወጣ። መጥፎው ደም ገና አላለቀም ብላ ደገመችኝ። እኔም ሞኟ እጄን ዘርግቼ ሰጠኋት።

ሲብስብኝ ደሴ ሄድኩ። ያየኝ ሐኪም ክንዴን በመርፌ ጫፍ ብቻ ነካ አደረገና ከነገ ወዲያ ነይ አለኝ። ስመለስ ቦታው መግል ቋጥሯል። ደምሽ መጥፎ አይደለም፣ ሰውነትሽ ግን ትንሿን ጭረት እንደ ትልቅ ጠላት ይቆጥራታል፣ በሽታው አብሮሽ ይኖራል፣ ከመርፌና ከምላጭ ራቂ አለኝ። ከመርፌ ርቄ ምን ልበላ? ኪኒን አዘዘልኝ። ኪኒኑ እንዳይጎዳኝ ደግሞ ደሜ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ደም በተቀዳሁ ቁጥር ክንዴ ይቆስላል። እንግዲህ ማንን ልሳደብ?

ለእናቴ የተባልኩትን ስነግራት ምላጯን ጠቅልላ ጣለችው። አሁን ሰው ቢጠራትም አትሄድም። የጀመርኩት ቀሚስ ግማሹ ሳይጠለፍ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ እጨርሰዋለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልቻለችም።

ባለፈው ቅዳሜ ጥፍሬ ማደጉን አየችና ልቁረጥልሽ አለችኝ። ይቺን እንኳ ላድርግልሽ ስትለኝ አንጀቴን በላችው፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በትንሿ መቀስ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆረጠችልኝ። እንዲህ ተጠንቅቃ ስትይዘኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። የመጨረሻዋ ጣት ላይ መቀሱ ሥጋዬን ነካው። ደሙ ጠብ እንኳ አላለም።

«ምንም አይደለም እማ» አልኳት።

«ከነገ ወዲያ ነው የሚታወቀው» አለች፣ ጣቴን ሳትለቅ።