በእጅ ሦስት ዙር

የሳሙና አረፋ ናስ ላይ ሲያብጥ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ያኔ ገና ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው፤ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብላ ባለች ወርክሾፕ የጋዝ ጎማ እገጥም ነበር። እጄ ደፋር ነበር፣ አፌ ደግሞ ከእጄ ይብስ ነበር፤ አልዋሽህም።

የወርክሾፑ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ሲላቸው እኔ «ጋሼ» እላቸው ነበር። የማገናኛን ጥርስ፣ ያንን የሚጠመዘዝበትን መስመር፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈተግ አድርገው ብቻ መጠኑን ይነግሩሃል። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «በእጅ ሦስት ዙር ካልገባ መፍቻ ቁልፍ እንዳታነሺ! ጥርሱ አይመሳሰልም ማለት ነው። የቴፍሎን ፕላስተር ብትጠመጥሚበት ራስሽን ነው የምታታልይው።»

አንድ ረፋድ የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ለትልቁ ምድጃዋ የሚሆን የከፍተኛ ግፊት ጎማ ይዛ መጣች። ለምሳ ሰርግ አለባት፤ ቆማ ታጣድፈናለች። ጋሼ «አምጪው፣ እኔ ልግጠመው» ብለው ከእጄ ወሰዱት። ማገናኛው አንድ ዙር ተኩል ሄዶ ያዘ። ፈቱት፤ ቴፍሎን ደራርበው ጠመጠሙበት፤ ከዚያ በቁልፍ ጭነው አጠበቁት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንዱ ጥርስ ደቃቅ፣ ሌላው ሰፋፊ ነበር።

«በይ ውሰጂ፣ አልቋል» አሏት።

ዝም ብል ያ ወጥ ቤት ከነሰዎቹ ሊቃጠል ነው። ብናገር ደግሞ ሰውዬውን በደንበኛቸው ፊት ማዋረዴ ነው። እኔ ግን ዝም ማለት መቼ አውቅና! ጎማውን ቀማኋት፤ ከወርክሾፑ ሲሊንደር ጋር አገናኝቼ፣ መጋጠሚያውን ሳሙና ቀብቼ ጋዙን ከፈትኩ። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ የጋዙ ሽታ አፍንጫችንን መታው።

«ጋሼ፣ ያፈሳል። ጥርሱ አይገጥምም፤ መፈታት አለበት።»

ሲሊንደሩን ራሳቸው ዘጉት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩ።

«ጣቴ ከደነዘዘ ሰንብቷል» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ቁልፉን አቀበሉኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ፍቺው።»

ትክክለኛውን ማገናኛ ፈልጌ ገጠምኩ። አረፋ የለም። ሴትዮዋም ለሰርጉ ምሳ ደረሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ቁልፍ አልነኩም። በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር፤ እኔም እንዲሰሙኝ ብዬ ዙሩን ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ስል «እሰይ!» ይላሉ። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው። ግን እጃቸውን ከሥራ ያስጣልኩት እኔ መሆኔ ያሳዝነኛል።

አሁን ወርክሾፑ የኔ ነው፤ እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ማገናኛ ባነሳሁ ቁጥር አሁንም ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ሦስት ስል ያ «እሰይ!» እንዲመጣ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ቁልፉን አነሳለሁ።