የእሑድ ጫማዎች

ልጄን አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባ አብረን ሁለት ግቢ ዞረን አየን። በመጀመሪያው የተማሪዎቹ አለቃ ራሷ በምግብ አዳራሹ ሳህን ስታነሳ አገኘናት። በሁለተኛው ኮሪደሩ ላይ የጫማ ቀለም ሸተተኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ልጅ ሆኜ የተማርኩት እንጦጦ ሥር ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እሑድ እሑድ አዲስ ገቢዎች የትልልቆቹን ጫማ እንጠርግ ነበር። አንድ ቀን የመኝታ ቤታችን አለቃ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ጫማዋን ስትወረውርልኝ አንስቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩላት።

«የራሴን ብቻ ነው የምጠርገው» አልኳት።

ለቅጣት ሜዳው መሃል አቆሙኝ። ከባሕር ዛፉ የሚወርደው ንፋስ ጆሮዬን ሲቆርጠው ሌሎቹ ቁርስ ይበሉ ነበር። ሞግዚታችን እትዬ አልማዝ መጥተው ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«አንቺ ልጅ እዚህ ቤት መቼም አለቃ አትሆኚም፤ እግዜር ይመስገን» አሉኝ።

እርግማን ይሁን ምርቃት አልገባኝም። አላለቀስኩም ግን። ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ የምትተኛው ሰዓዳ ቁርሷን ትታ መጥታ ከጎኔ ቆመች። በሚቀጥለው እሑድ ከአዲሶቹ አንዳችንም የሰው ጫማ አልነካንም። እኔም አለቃ ሳልሆን ትምህርቴን ጨረስኩ።

«እዚህ አዲሶች ታላላቆቻቸውን ያገለግላሉ» አለኝ ሁለተኛውን ግቢ የሚያስጎበኘን መምህር። «መሪነት የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

«እኛ ሌላኛውን ትምህርት ቤት መርጠናል» አልኩት።

«ይህን ቦታ እኮ ስንቱ ይመኘዋል።»

«ለሚመኘው ስጡት» ብዬው ልጄን ይዤ ወጣሁ።