ከመድኃኒቱ በኋላ የሚመጣው ብርድ

መርፌው የወጋኝ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ እዚሁ መተማ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ከጎንደር ወደ ቆላ ከወረድኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የመጣሁትም ለጥናት ነበር። የምናጠናው ግርሻን ነው፤ በልብስ ቅማል የሚተላለፈውን፣ ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ የሚጥለውን ትኩሳት።

የግርሻ ባክቴሪያ መሠሪ ነው። ሰውነት ለይቶ ሲያጠፋው ጥቂቶቹ የላይ ሽፋናቸውን ለውጠው ይተርፋሉ። ሰውነት እስኪያውቃቸው ድረስ ይራባሉ፤ ትኩሳቱም ይመለሳል። የባሰው ግን የሕክምናው ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንዴ ሲፈጀው ሰውነት ይቆጣል፤ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ያልፈዋል። የማያልፈውም አለ። የእኔ ሥራ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ በየጊዜው ደም እየቀዳሁ፣ ባክቴሪያውና ሰውነቱ ምን እንደሚደራረጉ ለሚመረምሩት ሰዎች ማዘጋጀት ነበር።

የዚያን ቀን በሽተኛ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ሳሉግ ነበር፤ እዚህ የቀን ሠራተኛውን ሳሉግ ነው የምንለው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወንድሙ በትራክተር ተሳቢ ጭኖ አመጣው። መድኃኒቱን ሊወጋ ሲል እንደ ልማዴ ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ ቆይቶ ብርድ ብርድ ይልሃል። አትደንግጥ፤ የመዳን ምልክት ነው።»

«ብርዱንስ ለመድሁት እህቴ» አለኝ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያዘው። የብረት አልጋው ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ከንፈሩ ጠቆረ። ዕድሜያቸውን በዚህ ጤና ጣቢያ የፈጁት ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው፣ ጉሉኮሱን እያፈጠኑ ግፊቱን ይለካሉ። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፦

«አያ! አያ! ምን ወጋችሁት? በእግሩ ቆሞ አልነበር የገባ?»

ደም የምቀዳበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ክንዱን ያዝኩ፣ መርፌውን አስገባሁ፣ ቀዳሁ። ሳወጣው ክንዱ ከእጄ አመለጠና ተወራጨ። መርፌው ጓንቴን ቀዶ ሌባ ጣቴ ውስጥ ገባ።

ማንም አላየም። ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ለሲስተር ብነግራቸው ወዲያው የመከላከያ ኪኒን ይሰጡኝ ነበር፤ ደንቡም እሱ ነው። መጀመሪያ ሰውዬው ይረጋጋ አልኩ። ሲረጋጋ ደግሞ «እጅ መያዝ እንኳ ያቃታት» ተብዬ ከጥናቱ እንዳልባረር ፈራሁ። እያደር መናገሩ እየከበደ ሄደ። የሰውዬው የኤችአይቪ ውጤት ነፃ መሆኑን መዝገብ ላይ አየሁና በዚያ ተጽናናሁ።

እሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት ተኛ። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሄደ። ወንድሙ «ስለ ጩኸቴ አትቀየሚኝ» ሲለኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ግርሻ ግን በደምም ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ቴርሞሜትር በብብቴ ይዤ ኖርኩ። መተማ ላይ ሰው ማተኮሱን በምን ያውቃል? ግድግዳው ይፋጃል፣ የቧንቧው ውሃ ይፋጃል፣ የተቀመጡበት ወንበር ይፋጃል። ራሴን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዤ እለካለሁ፤ አላምንም፣ ደግሜ እለካለሁ። እናቴ ደውላ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ «አቧራ ነው» እላታለሁ። የጎንደር መንገድ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ነይ ማለት እንኳ አትችልም።

በስምንተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ጉልበቴን ቆረጠመኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ሰው ሁሉ ለምሳ ስለወጣ የላቦራቶሪውን በር ዘግቼ የራሴን ጣት ወጋሁ፤ ደሜን ስላይድ መስታወት ላይ አሳስቼ ቀባሁ፣ ቀለም ውስጥ ነከርኩት፣ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ በማይክሮስኮፑ አየሁ።

ከደም ሴሎቹ መካከል ቀጭን፣ ጥምዝምዝ ያለ ሐምራዊ ክር። አጠገቡ ሌላ። ስንቱ ሰው ደም ውስጥ አይቼው «ተገኝቷል» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። አሁን ግን ዓይኔን ከመነጽሩ ማንሳትም፣ ማየትም አቃተኝ። ወንበሩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሲስተር ከምሳ ሲመለሱ ጠራኋቸው።

«ይህን ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «አለ። የማን ነው?»

«የእኔ።»

ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጣቴን አሳየኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስምንት ቀን ሙሉ? ለምን ዝም አልሽ ልጄ?»

«ፈራሁ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘው ወሰዱኝና ራሳቸው አስተኝተው መድኃኒቱን ወጉኝ።

ከሁሉ የከፋው መጠበቁ ነበር። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መቼ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ሰዓቱ ትይዩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ሲስተር፣ ግፊቴ ከወረደ ወዴት ትልኩኛላችሁ?»

«መንገዱ ዝግ ነው። የትም አንልክሽም፤ እዚሁ እንይዝሻለን።»

«ደሜን ለጥናቱ ይቅዱት እንጂ።»

«አርፈሽ ተኚ!»

መጀመሪያ ወገቤ ላይ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ አጥንቴ በረዶ ሆነ። መንጋጋዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ምላሴን ነከስኩ። «ብርድ ልብስ!» ለማለት ብሞክር ቃሉ ተቆራርጦ ቀረ። ባክቴሪያው እየሞተ መሆኑን አውቃለሁ፤ እየተንቀጠቀጠ ያለው የራሴ ሰውነት ነው። ይህን ማወቄ አልጠቀመኝም። የሚያስፈራውም እሱ ሆነ፤ ሊገድለኝ የተነሳው እኔው ራሴ መሰለኝ። ሲስተር እግሮቼ ላይ ተደግፈው አልጋው ላይ ያዙኝ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፣ ከዚያ ጣሪያው እየራቀ ሄደ። «ግፊቷ ዘጠና በሃምሳ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ ሰው ብሆን ብዬ ተመኘሁ። «እናቴን ደውሉላት» አልኩ። ስልኬን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

«ራስሽ ትደውይላታለሽ።»

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ላቤ መጣ። አንሶላው እስኪጨመቅ ራሰ። ግፊቴ ቀስ እያለ ወጣ። ስልኩን መለሱልኝ፤ ደወልኩና ከ«እማዬ» ሌላ ቃል ሳልናገር አለቀስኩ።

የጥናቱ ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፤ ይገባኛል። አላባረረኝም። ሳገግም ወደ ሥራ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ዕለት በሽተኛ ከወሎ የመጣ አጫጅ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ሳየው ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሲስተር መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ደም የምቀዳበት ሰዓት ሲደርስ ተነሳሁ። እሳቸው የሰውዬውን ክንድ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙልኝ፤ እኔ ቀዳሁ።