በሐራጅ የተገዛ ጀግንነት

ጎረቤቴ ከተማ ያቺን ቀይ ሜዳይ የገዛት በጥርሱ ነው። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም አልቆየችም፤ አዲሱ መንግሥት የደርግን ጦር መጋዘን እያስከፈተ ያገኘውን ሁሉ በሐራጅ ይሸጥ ነበር፦ የተሰባበረ አልጋ፣ ድንኳን፣ የማይነሳ ጄኔሬተር፣ ከሥር ደግሞ አንድ ሳጥን ሜዳይ። ሐራጅ ባዩ "አንደኛ! ሁለተኛ!" ሲል ከተማ እጁን አነሳ። ያኔ አንድ የተበተነ ወታደር ሰዉን ጥሶ መጣና "የጓደኞቼን ደም ትገዛለህ?" ብሎ አፉን በቴስታ አለው። ጥርስና ደም አንድ ላይ ተፋ። እጁን ግን አላወረደም፤ "ሦስተኛ!" ተባለለት።

እኔ ኮከብ እባላለሁ። ባሮ ድልድይ አጠገብ ሻይ ቤት ነበረኝ፤ ከተማ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ነው። ሥራው ድሬሰር ነው፣ ጤና ጣቢያ ቁስል ያጥባል። በወጣትነቱ ከደሴ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ አላገባ፣ አልወለደ። ዶሮ እንኳ ማረድ ይፈራል፤ ለበዓል የጎረቤት ጎረምሳ ነበር የሚያርድለት፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል።

ፍቅሩ ሌላ ነው። እንግሊዞቹ በባሮ ወንዝ በመርከብ ይነግዱ በነበረበት ጊዜ የመርከብ ሠራተኛ ኮፍያው ላይ ይሰካው የነበረ ምልክት፣ የግሪክ ነጋዴዎች ሚስቶች ትተውት የሄዱት የደረት ጌጥ፣ የጃንሆይ ዘመን ኒሻን። ቀለሙ በእሳት ከብረቱ ጋር የተጋገረ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዞር ብሎ አያየውም። ደሞዙ ሐራጅ ላይ ያልቃል፣ ቀሚሴ ላይ ያለውን ቁልፍ እንኳ በዓይኑ ይለካዋል። ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ስቄበታለሁ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ ያበጅለታል፤ የካፒቴን ነበር፣ የደጃዝማች ነበር ይላል። ቀይዋን ግን፣ ጥርሱን ስለከፈለባት መሰለኝ፣ የራሱ አደረጋት። ደረቱ ላይ ሰክቷት ሻይ ቤቴ ገባና "የራሴን ነው መልሼ የገዛሁት" አለ። "ደርግ ሲወድቅ ፈርቼ የጣልኳትን።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! በደርግ ጊዜ በጂካዎ መንገድ ተኩስ በተነሳበት ቀን ጠመንጃ ተሰጠኝ ይላል። አንድ ረጅም፣ በግራ እጁ ሦስት ጣት ብቻ ያለው ሰው መጣብኝ፣ ሆዱን በጥይት አልኩት ይላል። ጥይቱ የት እንደገባ፣ በየት እንደወጣ፣ የተቀደደ አንጀት እንዴት እንደሚሸት፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ከንፈሩ ምን እንደሚመስል ሲተርክ የያዝነው ዳቦ አልዋጥ ይለናል። መጨረሻ ላይ "ተንበርክኮ ለመነኝ፣ ደገምኩት" ይላል። ሰው ያጨበጭባል። ዶሮ የሚፈራውን ሰውዬ እያወቅሁት እኔም አመንኩት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ያላየ ሰው ከየት ያመጣዋል?

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባል የለ። ከኢታንግ ከብት እየነዳ የሚመጣ ጋች የሚባል ኑዌር ነበር፤ ሻዩን ጠጥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ። አንድ ቀን ከተማ ሲተርክ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ጣት የጠፋው የትኛው ነው?" አለ።

"ትንሿና ቀለበት ጣቱ" አለ ከተማ፣ ደስ ብሎት።

"ለምኖሃል?"

"እያለቀሰ!"

ጋች የተቀመጠበትን ዱካ አንስቶ ፊቱ ላይ ሰበረበት። ከተማ ሲወድቅ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ቢላዋ አወጣ። "ቶክ ወንድሜ ነው!" እያለ ይወጋዋል። አንዴ ትከሻውን፣ አንዴ ክንዱን፣ አንዴ አንገቱን ሊል ሲያነሳ እኔ የፈላውን ማንቆርቆሪያ ጀርባው ላይ ደፋሁት። የጩኸቱ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ቆዳው ከሸሚዙ ጋር ተላጠ። በዚህ አላዝንም፤ ባላደርገው ከተማ ወለሌ ላይ ይታረድ ነበር።

ከተማ ተሰፍቶ ሲነቃ እውነቱን ነገረኝ። ያን የተኩስ ቀን ቶክ ቆስሎ ጤና ጣቢያ አመጡት። ሲያጥበው፣ ሲያሽገው ቆየ፤ እጁ ላይ ሞተ። ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ከቅርብ ያየው ሞት የሱ ብቻ ስለነበር ሜዳዪቱን በሱ አስጌጣት። ዘመድ በቦታው አልነበረም፤ ይህን የሚመሰክርለት፣ አጠገባቸው የነበረው ሌላው ድሬሰርም በወባ ሞቷል። ቁስለኛ ባይሆን ኖሮ በጥፊ ባልኩት ነበር።

እኛ ይህን ስናወራ ጋምቤላ እየነደደች ነበር። ለከተማ እንበቀላለን ያሉ የደገኛ ጎረምሶች ምንም የማያውቅ አንድ ኑዌር ሸክም አውራጅ ገበያ ላይ ይዘው መንጋጋውን በድንጋይ ሰበሩት። የጋች ዘመዶች ደግሞ የከተማን በር በጦር በስተው ገቡና አልጋውን ቆራረጡት። እየባሰ ሲሄድ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሰበሰቡን። የሚመራው ኮንግ ነበር፤ የነብር ቆዳ ለብሶ ደም የሚያስታርቅ ሽማግሌ። በወዲህ ጦር የያዙ፣ በወዲያ ድንጋይ የያዙ ቆመዋል።

ከተማ ቆሞ እውነቱን ተናገረ። አብዛኛው ሳቀ። ጋች ብቻ አልሳቀም።

"ጣቱን ያውቃል፣ ቁስሉን ያውቃል" አለ። "ቢላዋ ሲያይ ሐኪም ሆነ?"

እኔም ተነስቼ መሰከርኩ። "አንቺ ሴትዮ ውሃሽን ይዘሽ ተቀመጪ" አሉኝ።

ኮንግ ጸጥ አሰኘና ለከተማ እንዲህ አለው፦ "ገዳይ ከሆንክ ሕጉ ይታወቃል። ከብት ትሰጣለህ። በከብቱ በሟቹ ስም ሚስት እናገባለታለን፤ ከወንድሙ ትወልዳለች፣ ልጁ የቶክ ልጅ ይባላል። ስሙ አይጠፋም። ገዳይ ካልሆንክ በሞተ ሰው ቀልደሃል። ለእሱ ሕግ የለንም።" ጦር ወደያዙት አየ። "እነሱን እኔ አልችልም።"

ከተማ መንጋጋው በጨርቅ የታሰረውን ሸክም አውራጅ አየው። ብዙ አየው።

"ገድያለሁ" አለ።

ኮንግ ክንዱን ከትከሻ ወደ ታች በምላጭ ሰነጠቀለት፤ ገዳይ ደሙ እንዲህ ካልወጣ አይበላም፣ አይጠጣም። ዶሮ ማረድ የሚፈራው ሰውዬ አልጮኸም፣ እኔ ነኝ የጮህኩት። የሰበሰበው ሁሉ፣ የመርከቡ ምልክት፣ ኒሻኑ፣ የግሪኮቹ ጌጥ፣ ቀይዋም ጭምር፣ ለነጋዴው ለኢድሪስ ተሸጦ ከብት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሐራጅ ሲጠራ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

ሚስት ለቶክ ተዳረች፣ ሴት ልጅ ወለደች። ኛማል አሏት። ትምህርት ቤት የገባች ዓመት፣ ደብተሯን እንዳንጠለጠለች ከተማ ቤት በር ላይ መጥታ ቆመች። እኔ ከሻይ ቤቴ አየኋት።

"አባቴን የገደልከው አንተ ነህ?"

አፌን ስከፍት ከተማ እጁን ዘርግቶ "ዝም በይ፣ ኮከብ" አለኝ። ገባኝ። አልገደልኩም ካለ ከብቱ ባዶ፣ ጋብቻው ባዶ፣ ልጅቷ የማንም አይደለችም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አላት።

"ለምኖሃል?"

"አልለመነኝም። ለመነኝ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንዴም አላለቀሰም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

"ውሃ ጠየቀኝ። ራሱን ደግፌ አጠጣሁት።"

"ገድለኸው ውሃ አጠጣኸው?"

"አዎ።"

ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳችና ግንባሩን አለችው። ደሙ ቅንድቡ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም። እየሮጠች ሄደች። በማግስቱም ድንጋይ ይዛ መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። እኔ በንዴት እቃጠላለሁ፣ እሮጥና ልነግራት እነሳለሁ፣ እሱ አይለቀኝም። ጤና ጣቢያ የማይገባ ቀን ትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ሲደርስ ወንበሩን አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጥላታል።