ማሻአላህ ያላለችው

ይህን ለባሌም ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። እናንተም ስለ ሌላ ሰው ድክመት ስጽፍ ነው የምታውቁኝ፤ እሱ ይቀላላ።

የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ሳይንስ ስንማር፣ ከበቆጂ ከመጣችው ከብርቱካን ጋር ለመስክ ሥራ አሰላ ውስጥ አንድ ቤት ተመደብን። ሥራችን የቤቱን እመቤት የአዴ ፋጡማን የልጅ ልጅ ኢምራንን፣ ገና ድክ ድክ የሚለውን፣ ሲጫወት አይቶ መጻፍ ነበር። መምህራችን “ዝም ብላችሁ እዩ፤ ካሞገሳችሁት ለእናንተ ብሎ ይጫወታል” ብሎናል። ብርቱካን ቃሉን አክብራ ዝም አለች። እኔ የሙስሊም ቤት ልጅ ነኝ፤ ልጅ አይቶ ማሻአላህ የማይል ሰው ዓይኑ እንደሚፈራ አውቃለሁ። ስለዚህ ደንቡን እየጣስኩ እል ነበር። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

መምህሩ የእሷን ጽሑፍ ለክፍሉ አነበበ። ኢምራን ኳስ ከመወርወሩ በፊት የአያቱን ፊት እንደሚያይ ጽፋለች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እንዴት አላየሁም? ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም? ቀናሁ። ምግብ እስኪያስጠላኝ ቀናሁ።

በሳምንቱ ልጁን አተኮሰው። ብርቱካን የለችም። አዴ ፋጡማ “ልጄን ምን ነካብኝ?” አሉኝ።

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዴ። ብቻ ብርቱካን ማሻአላህ ስትል ሰምተው ያውቃሉ?”

ያልኩት ይህንን ነው። ዓይን ሰው ይበላል ብዬ ያኔም አላምንም ነበር። ባምን ኖሮ ፈርቼ ነው እል ነበር፤ ያም ማምለጫ የለኝም።

በማግስቱ ብርቱካን ስትመጣ አዴ ፋጡማ ከደጅ መለሷት። “ዓይንሽን ይዘሽ ወደ በቆጂሽ!” ሰፈሩ ሰማ። ከዚያ በኋላ የሚያስገባት ቤት ጠፋ፤ የመስክ ሥራው ሳይሟላ ትምህርቷን አቋርጣ አገሯ ገባች። “ምን አደረግኳቸው?” እያለች ስታለቅስ፣ አቅፌ “ያልተማረ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ” ያልኳት እኔ ነኝ። ለካ ልጁን ያተኮሰው ጥርስ ሲያበቅል ኖሯል።

አምና አሰላ መናኸሪያ ተገናኘን። “ዘሃራ! አለሽ እንዴ አንቺ? ስለ ቤተሰብ የምትጽፊውን እኮ ለልጆቼ ነው የማነብላቸው!” ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አሁንም አልነገርኳትም።

ይቅርታ ልጠይቃት? ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ በደግነቷ እቀናለሁ።