የባልሽ ዕቃ

ሹካው ከነጭቃው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ አፈርና ዝገት። ያመጣው የጎረቤቴ ልጅ ነው። አምና ከሰል ያከስል ነበር፤ ዘንድሮ ብረት ባገኘ ቁጥር የሚጮኽ መሣሪያ ከጓደኞቹ ጋር ገዝቶ ወርቅ ፍለጋ የቆሰበርን መሬት ሲያስስ ይውላል። ወርቁ እስካሁን ብቅ አላለም። «እማማ፣ እርስዎ የድሮ ነገር ያውቃሉ፤ ይህ የማን ነው?» አለኝ። አገላብጬ አየሁት። ከአራቱ ጥርሶች አንዱ ተጣሟል። የድሮው ድምፅ፣ ብረት ቀርከሃ ሲመታ፣ በጆሮዬ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ብረቱን የሚወረውረው የዚህ ልጅ አያት ነበር።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከቤታችን በላይ ባለው ጉብታ ላይ የነበረው ምሽግ ፈርሶ እርሻ ሆኗል፤ እርሻውም የአክስቴ ዋርሳ፣ የባሏ ወንድም፣ ነበር። አክስቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር በአባቴ ግቢ ነው። በጓሯችንና በእሱ እርሻ መካከል ያለው አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ። እሱ ባረሰ ቁጥር ማረሻው ወታደሮቹ የበሉበትን ያወጣል፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ አልፎ አልፎም እጀታ ያለው የምግብ ጣሳ። ሌላ ሰው ቢሆን ለቀጥቃጭ ይሰጠው ነበር። እሱ ግን በሬዎቹን ያቆምና እስከ አጥሩ ድረስ ወርዶ አክስቴ ደጅ ላይ ይወረውረዋል። «እንኪ፣ የባልሽ ዕቃ ነው» ይላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ ወንድምየው ዱር ገብቶ አርበኛ ሲሆን የአክስቴ ባል ምሽጉ ውስጥ በቅሎ ጫኝ ሆነ። አስረው ወሰዱት ትላለች እሷ። በገዛ እግሩ ሄደ ይላል ዋርሳዋ። ሲገባ ያየው ብዙ ነው፤ ሲወጣ ግን ያየው የለም። ጣሊያኖቹ ለቀው ሄደው በሩ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነበር። ለዋርሳዋ፣ ወንድሙ ከጌቶቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ፓስታውን እየበላ የሚኖር ባንዳ ነው። ለአክስቴ እዚያው ሞቷል። የንስሐ አባቷ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ መሞቱን የሚመሰክር የእሱ ዘመድ አምጪ አሏት። በሕይወት ያለው ዘመድ ያ አጥሩ ማዶ ያለው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋ ባሏን አጥታ ሐዘን አልተቀመጠች፣ ተዝካር አላወጣች፤ አግብታ የፈታችም አትባል፣ መበለትም አትባል።

እሷም ችላ የምታልፈው አልነበረችም። የወረወረውን መልሳ ትወረውርበታለች፤ ክንዷ የወንድ ነበር። አንድ ቀን በሬውን ስትመታበት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ የሚሰዳደቡት ግን በአማርኛ፣ የዳንግላ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማላቸው። እኔም ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የተረፈውን እየለቀምኩ አቀብላታለሁ። በልጅ ልቤ ያን ሰውዬ እንዴት እንደምጠላው! ከእነዚያ ማንኪያዎች አንድም እቤታችን አልገባም። አባቴ አንዱን ለጨው ላድርገው ቢላት ሳምንት ሙሉ ዘጋችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አፈሩ ገና መራስ ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ያ የለመድነው ድምፅ መጣ። በዚያ ቀን የወረወረው ጣሳ ነው፤ አፉ ድረስ ጭቃ ደርቆበታል። «እንኪ፣ የባልሽ ዕቃ ነው» አለ እንደ ልማዱ። አክስቴ መልሳ ልትወረውረው ስትል ስለከበዳት መጀመሪያ ጭቃውን ለማራገፍ ድንጋይ ላይ መታችው። ጓሉ እንዳለ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። ከመሃሉ የቀንድ ማንኪያ ወጣ።

ያን ማንኪያ ለመለየት እሷ ማጠብ አላስፈለጋትም። አማቿ ካረደው በሬ ሁለቱን ቀንዶች ጠርቦ፣ እጀታቸው ላይ መስቀል ቀርጾ፣ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ለገንፎ የሰጣቸው ነው። ሁለተኛውን እኔ ራሴ ዋርሳዋ ቤት ለአራስ ጥየቃ ሄደን አይቼዋለሁ። በቀሚሷ ጠረገችውና ወደ አጥሩ ሄደች። ጣሳውን አልወረወረችም። ማንኪያውን በቀርከሃው ክፍተት አሾልካ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአዊኛ ጠየቀችው።

«ይህ የማን ነው?»

አጠገቧ ቆሜ ስለነበር ፊቱን አይቼዋለሁ። አለንጋው ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳውና በአማርኛ መለሰላት።

«አላውቀውም።»

«ብረት በሞላበት ቤት የአባቱን ቀንድ ይዞ ነው የበላው። የእነሱን ማንኪያ አፉ አላስገባም።»

«እህላቸውን ግን በልቷል።»

«ርቦት ነዋ» አለችው። «ባሕር የሚሻገር ሰው ይህን ትቶ ይሄዳል? አንድ ቃል ብቻ ለቄሱ ንገርልኝ።»

«አላውቀውም አልኩሽ» ብሎ ማንኪያውን ሳይነካ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት አክስቴ ከማለዳው አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ዘመን ስትጸየፈው የኖረችውን አሁን ትጠብቀው ጀመር፤ ምናልባት አንድ ቁልፍ፣ ምናልባት አንድ አጥንት ይመጣል ብላ። ማረሻው ብረት ሲመታ ሁለታችንም ሰማን። እሱ ጎንበስ ብሎ ያገኘውን አነሳና ጉያው ከተተው። «ወርውርልኝ» አለችው። በሬዎቹን ነዳ። በማግስቱም ለመነችው፤ ለምና የማታውቅ ሴት። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በዚያ አጥር ላይ ምንም ነገር አልተሻገረም። ስትጠላው እየወረወረ፣ ስትፈልገው መንሳቱ ለእኔ የክፋቱ ሁሉ መጨረሻ ነበር። ሲሞት የጎረቤት ነውና ለቅሶው ደረስኩ፤ እንባ ግን አላወጣሁለትም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሹካውን ለልጁ መለስኩለት። «ከአያትህ እርሻ ያወጣኸው ነው» አልኩት።

«ከእርሻው እንኳ አይደለም፤ ከጓሮው ነው፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር። መሣሪያው ሲጮኽ ወርቅ መስሎኝ ነበር። ማንኪያውም ሹካውም በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበት ነው ያገኘሁት። እንደ መቃብር።»

ሌላስ ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኩት።

«አንድ የቀንድ ማንኪያ። መሣሪያው ለቀንድ አይጮኽም፤ ብረቱን ስለቅም ነው ያየሁት። ምን ያደርግልኛል ብዬ በአጥር ወረወርኩት።»

«በየትኛው አጥር?»

«በእርስዎ።»

ቀርከሃው ዛሬ ቆርቆሮ ሆኗል። ሳማው እጄን እየለበለበኝ ሥሩን ስዳብስ አገኘሁት። መስቀሉ አለ። የራሱን ማንኪያ ነው የቀበረው፤ በወንድሙ አስከሬን ፈንታ የሚቀብረው ሌላ ነገር አልነበረውምና። አጠብኩትና አክስቴ ከተወችልኝ ከጥንዱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ሰውየውን አሁንም አልወደውም። ለኮሶው ዛፍ ያመነውን የወንድሙን ሞት ለእሷ ቢነግራት ምን ነበረበት? እሷ ግን በልቤ መጣችብኝ፤ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ እጇን ዘርግታ።

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጠዋት ለአክስቴ ባል ፍትሐት አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ነገርኩት፤ የሟች ዘመድ ነህ፣ ቄሱ ይጠይቁሃል አልኩት።

«ምን እላለሁ?»

«አያቴ ያውቀው ነበር ትላለህ።»