ፒያኖ ምረጥልን ሲሉኝ

ከመቱ የወጣሁት ሲመሻሽ፣ ቡና የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቤ ነው። ጋሼ ለሜሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ያስተማሩኝ ሰው፣ በዚያ ዝናብ ሊሸኙኝ መጥተው ሾፌሩን «ይሄ ልጅ ፒያኒስት ነው፤ እጁን በር እንዳይመታው አደራ» አሉት። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ውስጤን ግን ደስ ብሎት ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

እኛ አገር እንዴት እንደምንጫወት ታውቃላችሁ። ጋሼ ያስተማሩኝ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነው፤ መዝሙሮቻችን እነሱ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዘማሪዋ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ ካደረገች ጣት ንቅንቅ አይልም፤ ትራንስፖዝ የሚሉትን በተን ተጭኖ መሣሪያውን ወደ እሷ ማምጣት ነው። ጎረቤት ከተሞቻችን ሁሩሙም ሄድኩ ቡሬም አገለገልኩ፣ ነውር ነው ያለኝ የለም።

ጀርመን ገብቼ የስደተኛ ጉዳይ ሹሙ ሙያዬን ሲጠይቀኝ «ፒያኒስት» አልኩት። መቱ ውስጥ ስንት ፒያኖ እንዳለ ጠየቀኝ። አንድም የለም አልኩት። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ታዲያ ስትጫወት የኖርከው ምን ላይ ነው አለኝ። አስተርጓሚው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ፒያኒስት የሚለው ስም ግን ተከተለኝ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ፒያኒስቷ አርጅታ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ተከራዮችም በትልቁ ፒያኖ ጩኸት ሲከሷቸው፣ ሀይብሪድ የሚባለውን ሊገዙ ወሰኑ። መዶሻው እንደ ትልቁ ፒያኖ የእንጨት ነው፣ ክር ግን የለውም፤ ድምፁ ከኤሌክትሪክ ነው፣ ልምምዱን በጆሮ ማዳመጫ ከተጫወቱት ማንንም አይረብሽም። ፓስተሯ፣ ፍራው ሄልጋ፣ አንተ ምረጥልን፣ እሑድ እሑድም በደመወዝ ትጫወትልናለህ አለችኝ። የአረጋውያን ቤት ሳህን ከማጠብ የሚያወጣኝ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ሱቁ የገባነው እንደ መቱ ክረምት ባለ፣ ግን የአፈር ሽታ በሌለው ዝናብ ነው። ማዳመጫውን አጥልቄ አንዱን ከአንዱ ሞከርኩ። አንደኛው ቁልፉ ከበድ ብሎ ጣቴን መልሶ ይገፋኝ ነበር፤ ይሄ ነው አልኩ፣ እውነትም እሱ ነበር። ፓስተሯ የማትሰማውን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ማዳመጫውን አስወልቃኝ መዝሙር ጀመረች፣ ድምፅዋ ወፍራም። ጥቁሮቹ ብቻቸውን ከድምፅዋ ጋ አይገጥሙም። እኔ ደግሞ ፒያኖውን በጎኑም ከሥሩም እዳብሳለሁ።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ ሻጩ።

«በተኑ። ድምፁን ወደ እሳቸው የሚያመጣው።»

ደግ ሰው ነው፤ ሜኑ ውስጥ ገብቶ አገኘልኝ። ቀጥሎ ግን፣ ለክፋት ሳይሆን ገርሞት፣ «እጅህን ለምን አታንቀሳቅስም?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እጄ ሌላ ቦታ እንደማያውቅ በየትኛው ጀርመንኛ ላስረዳው?

ያልኩትን ፒያኖ ገዙት። እሑድ የሚጫወተው ግን አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። እኔን «የፒያኖአችን መራጭ» እያሉ ለእንግዳ ያስተዋውቁኛል፤ ሰኞ ወደ ሳህኔ እመለሳለሁ።

ባለፈው ጋሼ ለሜሳ ደወሉ። ወሬው መቱ ደርሷል።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ፈረንጅ ፒያኖ አስመረጠህ አሉ። ልጆቹን ሁሉ አሁን ባንተው መንገድ ነው የማስተምራቸው። ነጩን የነካ እጁን በማስመሪያ ነው የምለው። ልክ አይደለሁም?»

የልፋታቸውን ዋጋ በምን አፌ ላሳጣቸው?

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው ስልኩን ወደ ልጆቹ አስጠጉት። ሁሉም በየተራ ተጫወቱልኝ፣ በጥቁሩ ብቻ፣ አንዳቸውም ሳይሳሳቱ።